አዲሱ ሽጉጥዎ ቢነክስ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

በአሜሪካ ሕጉን አሟልተው ሽጉጥ የገዙ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ከሳጥኑ ያወጣሁት ገና አሁን ነው፤ ታዲያ ለምን ነከሰ?» ሱቁን አምሽቶ የሚዘጋውም፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠራውም፣ ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ የገዛውም ይህን ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክፉ ቀን ይደርስልኛል ተብሎ የተገዛ መሣሪያ በሦስተኛው ጥይት ላይ ቀጥ ካለ ባለቤቱ እምነት ያጣበታል። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ነው። አንዱ በንዴት በርካሽ ይሸጠዋል። ሌላው ቪዲዮ አይቶ በሞረድ ይሞርደዋል። ሌላው ደግሞ «እየተኮስኩ ስሄድ ይለቃል» ብሎ ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል። ሁሉም መንስኤውን ሳያውቁ ነው የሚወስኑት።

አዲስ ሽጉጥ በአብዛኛው የሚነክሰው ከአምስት ምክንያቶች በአንዱ ነው፦ ዘይት በማጣት ወይም የፋብሪካ ቅባት በማብዛት፣ በካዝናው፣ በጥይቱ፣ በተኳሹ አያያዝ፣ ወይም በራሱ በመሣሪያው የአሠራር ጉድለት። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ማንም ባለቤት ራሱ ሊያጣራቸው ይችላል። አምስተኛው የፋብሪካው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የቆሙት በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ጥይቱንም፣ ካዝናውንም፣ ዘይቱንም በአንድ ቀን ቀይረው ሽጉጡ ቢስተካከል የትኛው እንዳስተካከለው አያውቁም። ችግሩ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራሉ።

መመሪያው በካዝና ለሚጎርሱ፣ በየሱቁ በብዛት ለሚሸጡት የግሎክ፣ የሲግ ሳወር፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ የሩገርና የመሳሰሉት ሽጉጦች ነው። ባለ ከበሮ ሽጉጥ አሠራሩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልጉዎት ነገሮች ብዙ አይደሉም። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ፣ የሽጉጥ ማጽጃ ፈሳሽና የሽጉጥ ዘይት፣ ለጥይትዎ ልክ የሚሆን የቱቦ ቡሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ቢያንስ ሁለት ካዝና፣ የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ጥይት፣ የማይጠፋ ቀለም ያለው እስክሪብቶ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያዘጋጁ። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ቢጨምሩበት ደግሞ በጣም ይጠቅምዎታል።

ሕጉንም አስቀድመው ያጣሩ። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ ክልከላ ከሌለበት ሽጉጥ መያዝ ይችላል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለጉብኝት ለመጣ ዘመድ «እስቲ አንተ ሞክርልኝ» ብለው አይስጡ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል የሚመላለሱ ሰዎች ደግሞ የሦስቱ ሕግ የተለያየ መሆኑን አይርሱ። ወደ ሬንጅ፣ ማለትም ወደ ተኩስ መለማመጃ ስፍራ፣ ሲሄዱ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ጥይቱም ለብቻው ይሁን። መንገድዎ የሚያልፍበትን ግዛት ሕግ ከመነሳትዎ በፊት ያንብቡ።

ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ

ካዝናውን ያውጡ። ስላይዱን፣ ማለትም ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደውን የላይኛውን ክፍል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ይልቀቁ፤ ከዚያ ወደኋላ ስበው ይቆልፉት። ጥይት የሚጎርስበትን የቱቦውን ጫፍ በዓይንዎ ይዩ፤ በትንሿ ጣትዎም ይዳስሱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን ከሳቡ አንዱን ጥይት አውጥተው ሌላውን ያጎርሳሉ፤ ባዶ ነው ያሉት ሽጉጥም ጎርሶ ይጠብቅዎታል።

ይህ ደረጃ በግሎክ ላይ ይበልጥ ይጠነክራል። ግሎክን ለመፍታት አስቀድሞ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ያልታየች አንዲት ጥይት ውስጥ ካለች በጽዳት ጠረጴዛ ላይ ትተኮሳለች። ጥይቶቹን ከሚሠሩበት ክፍል ውጭ ያስቀምጡ፤ አፈሙዙም ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ሥራውን የሚጀምሩት በሩን ዘግተው ነው።

ደረጃ 2፦ መመሪያውን ያንብቡ፣ የመለያ ቁጥሩንም ያጣሩ

ብዙ ሰው መመሪያውን ከሳጥኑ ሳያወጣው ይተኩሳል። ሦስት ነገሮችን ይፈልጉበት፦ የትኛው ጥይት እንደሚፈቀድ፣ ዘይት የት የት እንደሚነካ፣ ፋብሪካው የማለማመጃ ተኩስ ይጠይቅ እንደሆነ። ለምሳሌ ካር የተባለው ፋብሪካ ሽጉጦቹ 200 ጥይት እስኪተኩሱ ድረስ አስተማማኝ ናቸው ተብለው እንዳይቆጠሩ በመመሪያው ላይ ያሳስባል። እንዲህ ባለ ሽጉጥ በመጀመሪያው ሳጥን ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መንከስ ለክስ የሚያበቃ ጉድለት አይደለም።

ቀጥሎ በፋብሪካው ድረ ገጽ የመለያ ቁጥሩን አስገብተው ሞዴሉ ለጥገና የተጠራ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ትልልቅ ስም ያላቸውም ይጠራሉ። ስፕሪንግፊልድ አርመሪ በ2013 ኤክስዲ-ኤስ የተባለውን ሞዴሉን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ2020 ሺልድ ኢዚ ከተባለው ሞዴሉ ከፊሉን በመዶሻው ጉድለት ምክንያት ከደንበኞቹ መልሶ ሰብስቧል። ቁጥርዎ ከተጠሩት ውስጥ ከሆነ አንድም ጥይት ሳይተኩሱ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ያጽዱት፣ ዘይት ይቀቡት

አዲስ ሽጉጥ ንጹሕ ይመስላል፤ ለተኩስ ግን ያልተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች በመጋዘንና በጉዞ እንዳይዝግ የሚቀቡት ወፍራም ቅባት አለ። ይህ ቅባት የሚያዳልጥ ሳይሆን የሚይዝ ነው፤ ሲበርድ ደግሞ ይጠጥራል። በመመሪያው መሠረት ፈትተው የቱቦውን ውስጥ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ጫፍና ስላይዱ የሚሄድባቸውን ሐዲዶች በማጽጃ ፈሳሽና በጨርቅ ይጥረጉ። ግሎክ ግን ከዚህ ይለያል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በስላይዱ ውስጥ የሚታየው መዳብ የሚመስል ቅባት ለማለማመጃው ጊዜ የተቀባ ስለሆነ እንዲጠረግ አይመከርም።

ዘይቱ ጥቂት ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ሐዲድ ላይ አንድ ጠብታ፣ በቱቦው ውጫዊ ክፍል ላይ ከስላይዱ ጋር የሚፋተግበት ቦታ ስስ ልባስ፣ ከዚያ ገጥመው ስላይዱን ደጋግመው ይሳቡ። የተረፈውን በጨርቅ ያንሱ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች እነዚህ ናቸው፦

• መርፌው በሚሄድበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ማፍሰስ። ዘይቱ ከባሩድ ጥላሸት ጋር ተደባልቆ ይወፍርና የመርፌውን ምት ያደክማል።
• ካዝና ውስጥ ዘይት መቀባት። አቧራ ይሰበስባል፤ ወደ ጥይቱም ሊሰርግ ይችላል።
• ደብሊው ዲ-40ን እንደ ሽጉጥ ዘይት መጠቀም። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ጥሩ ነው፤ ለፍትጊያ ግን በቂ ልባስ አይተውም።
• እንጀራ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ማጽዳት። ከተኩስ የሚቀረው ብናኝ እርሳስ አለበት። ለሥራው የተለየ ቦታ ይኑርዎ፤ ሲጨርሱም ከመብላትዎ በፊት እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ።

ደረጃ 4፦ ካዝናዎቹን ቁጥር ይስጧቸው

ሽጉጥ ሲነክስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካዝና ነው። ጥይቱን በትክክለኛው ከፍታና በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ የአፉ ጥቂት መጣመም ወይም የሞላው መድከም ብቻ ሥራውን ያበላሻል። በእያንዳንዱ ካዝና ታች ላይ በእስክሪብቶው 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉ። ቁጥር ከሌላቸው ሁሉም አንድ መልክ ናቸውና ጥፋተኛውን ለይተው መያዝ አይችሉም።

ቀጥሎ በየተራ ይፈትሿቸው። በባዶው ካዝና ውስጥ ጥይት ተሸካሚውን ላስቲክ በጣትዎ ወደታች ተጭነው ይልቀቁት፤ ሳይንገራገጭ ወደላይ መመለስ አለበት። ካዝናውን ሽጉጡ ውስጥ ሲያስገቡ ቀጭ ብሎ መያዙን ከታች ጎትተው ያረጋግጡ። በግማሽ የገባ ካዝና የመጀመሪያውን ጥይት አጉርሶ ሁለተኛው ላይ ይቀራል፤ ባለቤቱም ሽጉጡን ይወቅሳል። የአዲስ ካዝና ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ሙሉ ካዝናን ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ማስገባት ሊያስቸግር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጥይት ቀንሰው ይሙሉት። ሞላው እንዲለምድ ካዝናውን ሞልቶ ጥቂት ቀን ተቆልፎ በሚቀመጥበት ማቆየትም የተለመደ ዘዴ ነው።

የሙከራውን ጊዜ ከፋብሪካው በመጡት ካዝናዎች ብቻ ያሳልፉ። በርካሽ የተገዛ የሌላ ፋብሪካ ካዝና ጥሩም ቢሆን ለምርመራው ተጨማሪ ጥርጣሬ ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ ጥይቱን ይምረጡ፣ በቱቦው ይለኩት

በመጀመሪያ ስሙን በትክክል ያንብቡ። በሰው አፍ «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» የሚባሉ ሦስት የተለያዩ ጥይቶች አሉ፦ 9×19 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ሉገር የሚባለው፣ 9×17 ወይም 380 የሚባለው አጭሩ፣ እና የማካሮቭ ጥይት የሆነው 9×18። አንዱ ለሌላው ሽጉጥ አልተሠራም፤ ቢገባም አደጋ ነው። በቱቦው ላይ የተቀረጸው፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውና በቀለሁ ቂጥ ላይ የተመታው ጽሑፍ ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ክብደቱም ለውጥ ያመጣል። የ9×19 አረር በብዛት የሚሸጠው በ115፣ በ124 እና በ147 ግሬን ሲሆን ይህም ወደ 7.5፣ 8 እና 9.5 ግራም ገደማ ነው። ርካሹ የልምምድ ጥይት በአብዛኛው ባለ 115 ግሬን ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለስለስ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ገና ያልለመደ ጠንካራ ሞላ ያለውን ስላይድ እስከ ኋላ ለመግፋት አቅም ያንሳቸዋል። ባለ 115 ግሬኑ ሲያስቸግር ባለ 124 ግሬኑ ያለ ችግር የሚተኮስበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤት የተሞላና ፋብሪካ የሌለው ጥይት ግን በሙከራ ጊዜ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ብዙ ፋብሪካዎች በእንዲህ ያለ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም።

አሁን አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ሽጉጡን ፈትተው ቱቦውን ብቻ ለይተው ያውጡ። ሌላው የሽጉጡ ክፍል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቱቦውን አፈሙዙን ወደታች አድርገው ይያዙና ከሳጥኑ አንድ ጥይት ከላይ ወደ ውስጥ ይልቀቁ። ጥይቱ በራሱ ክብደት ወርዶ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ቂጡ ከቱቦው ጠርዝ ጋር ሊስተካከል ይቀርባል፤ በጣት ቢያዞሩት ይሽከረከራል፤ ቱቦውን ቢገለብጡትም ያለ ግፊት ተመልሶ ይወድቃል። ጥይቱ ግማሽ ላይ ከቆመ፣ ለመግባት አውራ ጣት ካስፈለገው ወይም ሲገለበጥ ተጣብቆ ከቀረ፣ ያ ጥይት ለዚያ ቱቦ አይስማማም ወይም ቱቦው በሚገባ አልጸዳም። እንደገና ጠርገው ይሞክሩ። የአንዱ ፋብሪካ ጥይት ሁሉ ተጣብቆ የሌላው በነፃ ከወደቀ መልሱን ያለ አንድ ተኩስ አገኙት። ሁለቱም ከተጣበቁ ቱቦው ያጠራጥራል፤ ይህንም ይመዝግቡ።

ደረጃ 6፦ ሬንጅ ላይ እየመዘገቡ ይተኩሱ

የሙከራ ተኩስ ከዒላማ ልምምድ ይለያል። በእያንዳንዱ ካዝና አምስት አምስት ጥይት ብቻ ይሙሉ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ዓይነት ጥይት በካዝና 1፣ ቀጥሎ በካዝና 2፣ ሦስተኛ ካለዎትም በካዝና 3 ይተኩሱ። ጥይት የሚቀይሩት ካዝናዎቹ ሁሉ በመጀመሪያው ጥይት ከተሞከሩ በኋላ ነው።

በደብተሩ ላይ ስድስት ነገሮች ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የጥይቱን ፋብሪካና ክብደት፣ የካዝናውን ቁጥር፣ የነከሰው በስንተኛው ጥይት ላይ እንደሆነ፣ የነከሰበትን መልክ፣ የተኮሰውን ሰው። በስልክዎ ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ጣትዎም ከምላጩ ውጭ ሆኖ ሽጉጡን መደገፊያው ላይ አሳርፈው ያንሱ። ፎቶው በኋላ ከፋብሪካው ጋር ሲነጋገሩ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሁለት የደኅንነት ሕጎችን እዚህ ላይ በቃልዎ ይያዙ። አንደኛ፣ ምላጭ ስበው ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ሁለተኛ፣ አንድ ተኩስ ከወትሮው የደከመ ድምፅ ወይም ቀላል ምት ካሳየ ወዲያው ያቁሙ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ላይ ሌላ ቢተኩሱ ቱቦው ይፈነዳል። ሽጉጡን ባዶ አድርገው፣ ቱቦውን ፈትተው በብርሃን እስኪያዩ ድረስ እንደገና አይተኩሱ። ማድረግ የማይችሉ ከሆነ የሬንጁን ኃላፊ ይጥሩ።

ደረጃ 7፦ የነከሰበትን መልክ ያንብቡ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ሰው ስላይዱን ወዲያው ስቦ ያጸዳውና ማስረጃውን ያጠፋል። እርስዎ ግን አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ፣ ጣትዎን ከምላጩ አውጥተው፣ ሁለት ሰከንድ ይመልከቱ። ምን ተቀርቅሯል? የት?

ሀ. ጥይቱ አፍንጫውን ወደታች ደፍቶ ከቆመ። ከካዝናው ወጥቶ ወደ ቱቦው የሚያወጣውን ተዳፋት መውጣት አቅቶታል። በመጀመሪያ የካዝናውን ቁጥር ይዩ። ሁልጊዜ ካዝና 2 ከሆነ ሽጉጡ ንጹሕ ነው፤ ካዝና 2 ይቀየር። በሁሉም ካዝናዎች ከሆነና አፈ ሰፊ በሆነ አረር ብቻ ከተከሰተ የጥይቱ ቅርጽ አልተስማማውም።

ለ. ስላይዱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ከቆመ። ዘይት ማነስ፣ ቅባት መብዛት፣ ወይም በደረጃ 5 ያየነው የጥይት አለመስማማት ነው። በመጀመሪያው ጥይት ላይ ብቻ ከሆነ ግን አጎራረስዎን ይመርምሩ። ስላይዱን በእጅ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደፊት መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው። ስላይዱ በሞላው ሙሉ ጉልበት እንዲዘጋ ተደርጎ ስለተሠራ እስከ ጫፍ ስበው ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት።

ሐ. ባዶው ቀለህ በስላይዱና በቱቦው መካከል ቆሞ ከተቀረቀረ። ቀለሁ ወጥቷል፤ ነገር ግን በበቂ ፍጥነት አልተወረወረም። ስላይዱ እስከ ኋላ አልሄደም ማለት ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ የደከመ ጥይት ወይም የላላ የእጅ አንጓ ነው። ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

መ. ቀለሁ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ አዲሱ ጥይት ከኋላው ከተደገፈ። ይህ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው። ለማጽዳት ስላይዱን ወደኋላ ቆልፈው ካዝናውን በጉልበት ያውጡ፤ ስላይዱን ሦስት ጊዜ ይሳቡ፤ ውስጡን አይተው ከዚያ ብቻ እንደገና ያጉርሱ። ከተደጋገመ የቱቦውን ጫፍ በቡሩሽ በደንብ ያጽዱ፤ ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው ትንሹ ጥርስ በፋብሪካ ቅባት ወይም በቆሻሻ አለመታፈኑንም ይዩ። ከጽዳት በኋላም ካልተወ ጥርሱ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል የፋብሪካው ጉዳይ ነው።

ሠ. ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብሎ ካልተኮሰ። 30 ሰከንዱን ጠብቀው ጥይቱን ያውጡና ቂጡን በብርሃን ይዩት። መሃል ላይ ያለችው ክብ ካፕሱል ላይ መርፌው ያሳረፈው ምልክት አለ። ምልክቱ እንደ ሌሎቹ የተተኮሱ ቀለሆች ጥልቅ ከሆነ የከሸፈው ጥይቱ ነው። ጥልቀቱ ከነሱ ካነሰ መርፌው በሚገባ አልመታም፤ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ወይም የመርፌው መሄጃ በቅባት ታፍኗል። ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ መርፌው አልደረሰም፤ ሙከራውን አቁመው ለባለሙያ ያሳዩ። የተተኮሰ ቀለህና ያልተተኮሰ ጥይት ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ ማንሳት ጥፋተኛውን ወዲያው ያሳያል። የከሸፈውን ጥይት ወደ ቤት አይውሰዱ፤ ሬንጁ ባዘጋጀው መጣያ ውስጥ ያስቀምጡት።

ረ. የመጨረሻው ጥይት ተተኩሶ ስላይዱ ወደኋላ ካልቆመ፣ ወይም ጥይት እያለ ከቆመ። አውራ ጣትዎን ይዩ። ስላይዱን የሚያቆመው ትንሽ ማንሻ ላይ አርፎ ወደታች ከተጫነው አይቆምም፤ ወደላይ ከገፋው ያለጊዜው ይቆማል። አውራ ጣትዎን ዝቅ አድርገው ሲይዙ ችግሩ ከጠፋ ሽጉጡ ምንም አልሆነም።

ደረጃ 8፦ እጅዎን ይፈትሹ

ስላይዱ ወደኋላ ሲሄድ የታችኛው ክፍል በእጅዎ ጸንቶ መቆየት አለበት። የእጅ አንጓ ላልቶ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ከተገፋ ስላይዱ የሚፈልገው ጉልበት በእጅዎ ውስጥ ይባክናል፤ ሥራውንም ሳይጨርስ ይመለሳል። ትንንሾቹና ቀላሎቹ ሽጉጦች፣ እንደ ሲግ ፒ365 ወይም ሩገር ኤልሲፒ ያሉት፣ ከትልልቆቹ ይልቅ በዚህ ይጎዳሉ። ኪስ ውስጥ ይመቻል ተብሎ የተገዛ ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ እጅ ከባዱ ነው።

የሚይዘውን እጅ ወደ ስላይዱ እስከሚቻለው ድረስ ከፍ ያድርጉ፤ ግን ስላይዱን አይንካ። ሁለተኛው እጅ ባዶውን ቦታ ሞልቶ ይጨብጥ። አንጓዎ ይጽና፣ ክርንዎ በመጠኑ ይዘርጋ።

ከዚያ ወሳኙን ሙከራ ያድርጉ። የሬንጁን አሰልጣኝ ወይም ልምድ ያለው ሕጋዊ ተኳሽ በዚያው ሽጉጥ፣ በዚያው ካዝና፣ በዚያው ሳጥን ጥይት ሁለት ካዝና እንዲተኩስ ይጠይቁ። በሱ እጅ ሳይነክስ ከሄደ መድኃኒቱ ልምምድ ነው። በሱም እጅ በዚያው መልክ ከነከሰ እጅዎ ነፃ ወጣ፤ ቀሪው ሽጉጡ ነው። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሳይጠይቁ ቀርተው ጤነኛ ሽጉጥ መሸጥ ግን ኪሳራ ነው።

ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት ጓደኛዎ ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ካዝናውን ቢሞላልዎት ሌላም ነገር ያያሉ። ባሩድ የሌለው ጥይት ሲደርስ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ምቱን ፈርተው አስቀድመው እየገፉት ነው። በሙከራ ተኩስ የ30 ሰከንዱ ሕግ እንዳለ ሆኖ፣ ለክፉ ቀን በፍጥነት ማጽዳትን ባሩድ በሌለው ጥይት ብቻ ይለማመዳሉ፦ የካዝናውን ታች በመዳፍ መምታት፣ ስላይዱን እስከ ጫፍ ስቦ መልቀቅ፣ እንደገና ማነጣጠር።

ደረጃ 9፦ ጉድለቱ የፋብሪካ ከሆነ ይላኩት

ሽጉጡ ጸድቶና ዘይት ተቀብቶ፣ በሁለት ዓይነት ጥሩ ጥይት፣ በሁሉም ካዝና፣ በሁለት ሰው እጅ በአንድ መልክ መንከሱን ከቀጠለ ሥራዎን ጨርሰዋል። ተዳፋቱን በሞተር መሞረድ፣ ሞላ መቀየር፣ ጥርሱን በፒንሳ ማጠፍ የሚመክርዎትን አይስሙ። ከሳጥኑ የወጣን ሽጉጥ ማስተካከል የሠራው ፋብሪካ ግዴታ ነው፤ የሞረዱት ቀን ግን ዋስትናውን በእጅዎ ያፈርሱታል።

ለፋብሪካው የደንበኞች አገልግሎት በጽሑፍ ያመልክቱ። «አይሠራም» ብለው አይጻፉ። «በ124 ግሬን ጥይት፣ በሦስቱም ካዝና፣ በሁለት ተኳሽ፣ ቀለሁ ቱቦው ውስጥ ይቀራል» ብለው ፎቶዎቹንና የግዢ ደረሰኙን ያያይዙ። በፌዴራል ሕግ ባለቤት ሽጉጡን ለጥገና በቀጥታ ለፋብሪካው መላክ፣ ፋብሪካውም ጠግኖ በቀጥታ ለባለቤቱ መመለስ ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። የመላኪያውን ወረቀትና አላላኩን ፋብሪካው እስኪልክልዎት ይጠብቁ እንጂ በራስዎ ፖስታ ቤት ይዘው አይሂዱ። የጨመሩበትን መብራትና ማነጣጠሪያ ያውርዱ፤ የሚያስቸግረውን ካዝና አብረው ይላኩ፤ ጥይት ግን አንድም አይኑርበት።

ደረጃ 10፦ ማለፉን ያረጋግጡ

መንስኤው ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ብዙ አሰልጣኞች በልማድ የሚከተሉት መለኪያ 200 የልምምድ ጥይት ሳይነክስ፣ ከዚያም ለመከላከያ የመረጡት ጥይት ሁለት ሳጥን ያህል ሳይነክስ መተኮስ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው ጥይቱ ውድ ስለሆነ ይዘለዋል። ነገር ግን የመከላከያ ጥይት አፉ ሰፊ ነው፤ ክብደቱም ሊለይ ይችላል፤ ክብ አፍ ባለው የልምምድ ጥይት ያለፈ ሽጉጥ በሱ ሊነክስ ይችላል። ሌሊት ቤትዎ ውስጥ የሚተማመኑበትን ጥይት በቀን ሬንጅ ላይ ሳይፈትኑ አይተኙ።

ሙከራው እስኪያልቅ ያ ሽጉጥ ለጥበቃ እንደሌለ ይቁጠሩት። ሱቅዎም ቤትዎም በበር ቁልፍ፣ በካሜራ፣ በመብራትና በስልክ ይጠበቅ። ካለፈ በኋላም ያለፈውን ጥምረት አይለውጡ፦ የተፈተነው ጥይት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ካዝናዎች፣ የታወቀው ዘይት። የጥይቱን ዓይነት የቀየሩ ዕለት ፈተናው ይደገማል። ደብተሩን ከሽጉጡ ጋር በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ያኑሩት፤ ከተኩስ በኋላ ሁሉ ያጽዱና ስንት ጥይት እንደተተኮሰ ይጨምሩበት። ከዓመት በኋላ እንደገና ቢነክስ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።